«ዜድ 2 ወጥቷል፣ ዜድ 1 አልቆለታል»፦ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት

በእጅ ስለሚያዙ የጌም ኮምፒውተሮች በተነሳ ቁጥር ይህ አባባል ሳይጠራ ይመጣል፤ ዜድ 1 እና ዜድ 2 ቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ ለእነዚህ ማሽኖች የሠራቸው ቺፖች ናቸው። አምነውት የያዙትን ማሽን በርካሽ ሸጠው፣ ገንዘብ ጨምረው፣ ከሸጡት የማይሻል የሚገዙ ሰዎች አሉ። ይህ መቆም አለበት።

«ቁጥሩ ከፍ ካለ ፍጥነቱም ከፍ ይላል»

ኤኤምዲ «ዜድ 2» በሚል ስም ያወጣቸው ቺፖች የአንድ ትውልድ አይደሉም። «ዜን» ከሚለው ኋላ ያለው ቁጥር የፕሮሰሰሩን ኮሮች ትውልድ፣ «አርዲኤንኤ» ከሚለው ኋላ ያለው የግራፊክሱን ትውልድ ያሳያል። ዜድ 2 ኤክስትሪም የዜን 5 ኮሮችና 16 የአርዲኤንኤ 3.5 ግራፊክስ ክፍሎች አሉት፤ በእውነት አዲስ የሚባለው እሱ ብቻ ነው። ተራው ዜድ 2 ስምንት የዜን 4 ኮሮችና 12 የአርዲኤንኤ 3 ክፍሎች ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሱስ ማሽን ሮግ አላይ ጋር የመጣው ዜድ 1 ኤክስትሪምም የያዘው ይህንኑ ነው። ዜድ 2 ጎ ወደ 4 ኮር ይወርዳል፣ ግራፊክሱም አርዲኤንኤ 2 ነው። ዜድ 2 ኤ ደግሞ 4 የዜን 2 ኮሮችና 8 የአርዲኤንኤ 2 ክፍሎች አሉት፤ ይህ በ2022 በወጣው የቫልቭ ማሽን ስቲም ዴክ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ ሌኖቮ ራሱ አቅርቦታል። ሊጅን ጎ ኤስ በአንድ ዓይነት አካል፣ አንዱ በዜድ 2 ጎ ሌላው በዜድ 1 ኤክስትሪም ይሸጣል፤ ፈጣኑ «አሮጌው» ነው። ስቲም ዴክ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የወጣውን፣ ዜድ 2 ኤ ያለውን ነጩን ሮግ ኤክስቦክስ አላይ ቢገዛ የሚያገኘው 120 ኸርዝ ስክሪን፣ 60 ዋት ሰዓት ባትሪና ዊንዶውስ ነው። ቺፑ እስከ 20 ዋት መውጣት መቻሉ ትንሽ ይረዳል እንጂ የትውልድ ለውጥ አይደለም። በዴክ ላይ የለመዳቸውን ሁለት ትራክፓዶችም ያጣል።

«እንግዲያው ኤክስትሪሙን እገዛለሁ» ለሚል ደግሞ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሚሞሪ ነው። እነዚህ ማሽኖች የተለየ የግራፊክስ ሚሞሪ ስለሌላቸው ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ከአንድ ራም ይቀዳሉ። ዜድ 1 ኤክስትሪም ያለው አላይ ኤክስ በሰከንድ ወደ 120 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ዜድ 2 ኤክስትሪም ያለው ኤክስቦክስ አላይ ኤክስ 128። የግራፊክስ ክፍሎቹ በአንድ ሦስተኛ ሲጨምሩ መንገዱ የሰፋው በ7 በመቶ ገደማ ነው። ከአላይ ኤክስ የሚነሳ ሰው የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ አይጠብቅ።

ሁለተኛው ዋት ነው። በማስታወቂያ የሚወጡት የፍሬም ቁጥሮች (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚወጣ) ብዙ ጊዜ ማሽኑ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ በ30 ዋትና ከዚያ በላይ የተለኩ ናቸው። እናንተ ሶፋ ላይ የምትጫወቱት በ15 ከሆነ፣ ማወዳደር ያለባችሁ 15ን ከ15 ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ቺፑ 25 ዋት ሲወስድ ስክሪን፣ ፋንና ዋይፋይ ተጨምረው ጠቅላላው ወደ 35 ይጠጋል፤ 80 ዋት ሰዓት ባትሪ ከሁለት ሰዓት ትንሽ አልፎ ያልቃል። 40 ዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያው አላይ ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የያዛችሁት ማሽን ምን እንደሚያንቀው ለዩ። የአፈጻጸም መለኪያውን ስክሪኑ ላይ አብሩና የሚከብዳችሁን ጌም በምትጫወቱበት ዋት ክፈቱ። ከዚያ ሌላውን ሴቲንግ ሳትነኩ ሬዞሉሽኑን ብቻ ወደ 720 አውርዱ። የፍሬሙ ቁጥር ከፍ ካለ ችግሩ ግራፊክሱ ነው፤ ጠንከር ያለ ቺፕ ይጠቅማል። ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ብዙ የግራፊክስ ክፍል መግዛት አያድናችሁም። ፍሬሙ ጥሩ ሆኖ ጌሙ በየመሃሉ የሚሰናከል ከሆነ ሚሞሪውን ተመልከቱ። 16 ጊጋባይት ባለው ማሽን 6ቱ ለግራፊክስ ከተመደበ ለዊንዶውስና ለጌሙ የሚቀረው 10 ነው። ምደባውን ወደ 4 ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ካልረዳ 24 ጊጋባይት ያለው ማሽን ለመግዛት ተገቢ ምክንያት አለ፤ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም።

«ሬዞሉሽኑ ከፍ ያለው ስክሪን ይሻላል»

የመጀመሪያው ሊጅን ጎ ስክሪን 2560 በ1600 ነበር፤ ከስቲም ዴክ 1280 በ800 ልክ አራት እጥፍ ፒክስል። ያንን የሚሞላ ቺፕ ውስጡ አልነበረም። ሌኖቮ ሊጅን ጎ 2ን ሲያወጣ ወደ 1920 በ1200 ዝቅ ማድረጉ በቂ መልስ ነው። በዚህ መጠን ስክሪን ላይ ከሬዞሉሽን ይልቅ ኦኤልኢዲ (እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ የሚበራበት ስክሪን) መሆኑና ቪአርአር (ስክሪኑ ፍጥነቱን ከጌሙ ፍሬም ጋር የሚያስተካክልበት ዘዴ) መኖሩ ዓይን ላይ ይታያል። ያላችሁ ስክሪን 40 ኸርዝ ከተቀበለ ፍሬሙን 40 ላይ ገድቡ፦ በ30 አንድ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ፣ በ60 ወደ 17፣ በ40 ደግሞ 25 ይፈጃል። መካከሉ ላይ ነው፣ የሚፈልገው ዋት ግን ከ60 በጣም ያነሰ ነው።

«ፍሬም ጀነሬሽን 30ውን 60 ያደርገዋል»

ፍሬም ጀነሬሽን በእውነተኛ ፍሬሞች መካከል የተፈጠሩ ፍሬሞችን ያስገባል፤ ለዓይን እንጂ ለጣት 60 አያደርገውም። መነሻው ቢያንስ 50 ወይም 60 ካልሆነ ቁልፍ ስትጫኑ መዘግየቱ ይሰማችኋል።

«ቦታ ሞላ፣ ስቲኩም ይንሸራተታል፤ ማሽኑ አርጅቷል»

ሁለቱም በጥገና የሚያልቁ ናቸው። ሳይነካ ለሚንቀሳቀሰው ስቲክ መጀመሪያ ካሊብሬሽን አድርጉ፣ ከዚያ ዴድዞኑን (ጌሙ የማይቆጥረውን የስቲኩን ትንሽ እንቅስቃሴ) ትንሽ ጨምሩ። ካልሆነ መግነጢሳዊ ምትክ ይገኛል። ለኤልሲዲው ዴክ ሁለት ዓይነት የስቲክ ቦርድ ስላለ ሳታዙ ከፍታችሁ የእናንተን ለዩ። ለማከማቻው ዴክም ሆነ የመጀመሪያው አላይ 2230 መጠን ያለው ኤስኤስዲ ይወስዳሉ፤ አላይ ኤክስ 2280። ዴክን ከመክፈታችሁ በፊት ኤስዲ ካርዱን አውጡ፤ ይህን የዘነጋ ሰው ካርዱን ለሁለት ይሰብረዋል። ባዮስ ገብታችሁ የባትሪ ማከማቻ ሁነታን አብሩ። በኤልሲዲው 8 ብሎኖች አሉ፤ አራቱ ረጃጅም፣ አራቱ አጫጭር ስለሆኑ አታደባልቁ። የድሮውን ኤስኤስዲ የሸፈነውን ብረታማ ልባስ ወደ አዲሱ አዛውሩት። ይህ ቦታ ይጨምራል፣ ፍሬም አይጨምርም።

«ስቲምኦኤስ ከጫንኩ ሁሉም ይሠራል»

ስቲምኦኤስ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የቫልቭ ሲስተም ነው፤ ብዙው ይሠራል። ፎርትናይት፣ ቫሎራንትና አዲሶቹ ኮል ኦፍ ዱቲዎች ግን በፀረ ማጭበርበሪያቸው ምክንያት ሊኑክስ ላይ አይከፈቱም።

«ከውጭ ካስመጣሁት ዋስትናውም አብሮት ይመጣል»

ቫልቭ ስቲም ዴክን በይፋ ከሚሸጥባቸው አገሮች ኢትዮጵያ የለችም። አዲስ አበባ ላይ ቢበላሽ ወደተገዛበት አገር መመለስ ነው፤ ስለዚህ ከዱባይ ወይም ከዲሲ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ስቲክና ኤስኤስዲ አብሮ እንዲያመጣ ንገሩት። የእነዚህ ማሽኖች ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ በአውሮፕላን ይፈቀዳል፤ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ ትርፍ ባትሪ ደግሞ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ከመክፈላችሁ በፊት የባትሪውን ሪፖርት ያሳያችሁ፦ ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያል። 40 የነበረው 30 ላይ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሚጠይቃችሁ ላይ ይቀነስ።