ዔሊ ተናገረ እንጂ አልከለከለም፦ ስለ ልጆቻችን ጌም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ካህኑ ዔሊ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ በእግዚአብሔር ቤት የሚሠሩትን ክፋት አላወቀም ነበር ማለት አይቻልም። ከሕዝቡ ሰምቷል፤ ጠርቶም የሚወራባቸው ነገር መልካም እንዳልሆነ ነግሯቸዋል (1ሳሙ. 2፥22-25)። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን እግዚአብሔር ለብላቴናው ለሳሙኤል ፍርዱን ሲገልጥለት፣ የዔሊ በደል የልጆቹን ሥራ እያወቀ አለመከልከሉ መሆኑን ነገረው (3፥13)። በመናገርና በመከልከል መካከል ያለውን ይህን ርቀት ዛሬ በየቤታችን እናየዋለን። «ይህን የደም ጌም ተው!» ብለን ከወጥ ቤት እንጮኻለን፤ ጌሙን የገዛንበት ካርድ ግን የራሳችን ነው።

በአሜሪካ የምንኖር ወላጆች ይህ ጉዳይ ለምን በእኛ ጫንቃ ላይ እንዳረፈ ማወቅ ይገባናል። በ1993 ሴናተሮቹ ጆሴፍ ሊበርማንና ኸርብ ኮል ስለ ጨካኝ ጌሞች በዋሽንግተን የምክር ቤት ምርመራ አካሄዱ፤ በዚያ ከታዩት አንዱ አሸናፊው የተሸናፊውን ልብ ከደረቱ ነቅሎ የሚያወጣበት ሞርታል ኮምባት ነበር። መንግሥት እጁን እንዳያስገባ የፈሩት ኩባንያዎች በ1994 ኢ.ኤስ.አር.ቢ. የተባለውን፣ ጌም ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ ደረጃ ሰጪ ተቋም ራሳቸው አቋቋሙ። በጌሙ ሣጥን ፊት ጥግ ላይ የሚታየው ጥቁር ፊደል የእርሱ ነው፤ «ኢ» ለሁሉም፣ «ቲ» ከ13 ዓመት ጀምሮ፣ «ኤም» ከ17 ዓመት ጀምሮ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ2005 ጨካኝ ጌም ለልጆች መሸጥን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2011 ጌም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም በንግግር ነፃነት የተጠበቀ ነው ብሎ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረው። ስለዚህ ሻጭ የልጁን ዕድሜ ቢጠይቅ በመደብሩ ደንብ እንጂ በሕግ ተገድዶ አይደለም። ፊደሉ የተጻፈው ለወላጅ ነው፤ ወላጅ ካላነበበው ሌላ የሚያነበው የለም።

አንድ አባት በጌም መደብር የደረሰባቸውን ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የ12 ዓመት ልጃቸው የመረጠውን ሣጥን ይዘው ሊከፍሉ ሲቀርቡ፣ ሻጩ ሣጥኑን አገላብጦ አየና በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ነገራቸው። ፈጣኑን አነጋገር ስላልያዙት ወደ ልጃቸው ዞረው «ምን አለ?» ቢሉት፣ «አባዬ፣ ደረሰኝ ትፈልጋለህ ወይ ነው የሚለው» አላቸው። «የስ፣ የስ» ብለው ከፈሉ። የተጠየቁት ጌሙ ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማይመከር፣ ደምና የተቆራረጠ አካል የሚታይበት መሆኑን አውቀው እንደ ፈቀዱ ነበር። ልጁ ራሱ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ እየሳቀ ነገራቸው፤ እርሳቸውም አብረውት ሳቁ። እኛም ስንሰማ ስቀናል፤ ነገር ግን ስንቶቻችን የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ መልእክት፣ የቴሌቪዥኑንና የጌም መጫወቻውን የፕሌይስቴሽኑን አካውንት ሁሉ ልጆቻችን እንዲያነቡልንና እንዲከፍቱልን ሰጥተን እንደምንኖር የምናውቅ ሰዎች ነን። አካውንቱን የከፈተው ልጅ የልደት ዓመቱን 2000 ብሎ ከሞላ፣ መሣሪያው እንደ ትልቅ ሰው ይቆጥረዋል፤ በዕድሜ የሚሠራው ጥበቃ ሁሉ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሥራ የለውም።

ደረጃውን ማንበብ ብቻ ግን አይበቃም። በሣጥን ለሚሸጥ ጌም ኩባንያው መጠይቅ ይሞላል፣ እጅግ ከባድ የሆኑትን ትዕይንቶች ቀርጾ ይልካል፤ ቢያንስ ሦስት የሠለጠኑ ሰዎች ያንን አይተው ደረጃ ይሰጣሉ እንጂ ጌሙን ከዳር እስከ ዳር ተጫውተው አይደለም። ከኢንተርኔት ለሚወርዱት አብዛኞቹ ደግሞ ኩባንያው የመለሰው መጠይቅ ብቻ ደረጃውን ይወስናል። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ሲጫወት የማያውቀው ሰው በጆሮ ማዳመጫው ለልጃችን የሚናገረው ነገር በደረጃው አይካተትም፤ ተጫዋቾች እርስ በርስ እንደሚገናኙ የሚጠቁም አጭር ማስታወሻ ብቻ ይጻፋል። ደረጃው ስለሚታየው ነገር ይናገራል። ፎርትናይት ሰው በሰው ላይ የሚተኩስበት ሆኖ «ቲ» የተሰጠው የተመታው ተጫዋች ደም ሳይፈስሰው ስለሚሰወር ነው፤ ልጁ ግን ስንት ሰዓት እንደ ተቀመጠ፣ ጸሎቱን ትቶ እንደሆነ፣ ሲሸነፍ እህቱን ምን ብሎ እንደ ሰደባት ደረጃው አያውቅም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰባክያን የሚሉትን መድገም አልፈልግም። ጌም የተጫወተ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ማለት እውነት አይደለም፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ባወጣው መግለጫ ጨካኝ ጌሞች እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ጠባዮች ጋር መጠነኛ ግንኙነት እንዳላቸው ቢገልጽም፣ የከባድ ወንጀል ምክንያት ናቸው ለማለት ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። ከመድረክ የተጋነነ ነገር የሰማ ወጣት፣ ሐሰቱን በስልኩ ካረጋገጠ በኋላ እውነቱንም አይሰማንም። የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ ሌላ ነው። ወንጀል ባይሠራስ፣ ልቡ በምን ይደሰታል? መዝሙረኛው ዓመፃን የሚወድ ነፍሱን ይጠላል ሲል፣ ስለ ሠራው ብቻ ሳይሆን ስለ ወደደውም መናገሩ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲያስተምር የሕፃኑን ነፍስ ገና በተቆረቆረች ከተማ መስሎ፣ ዓይንንና ጆሮን፣ አንደበትንም በሮቿ ናቸው ይላል፤ ወላጅም በየበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን እንዲቈጣጠር ያዝዛል። እርሱ ይህን ሲጽፍ የሚያሳስበው የዘመኑ ቴአትር ነበር። እንግዲህ ቴአትሩ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ልጁም ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ገዳዩን ራሱ ሆኖ የሚጫወትበት ዘመን ደርሰናል።

ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ የምታየው በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ነበር፤ ሆኖም በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር (1ሳሙ. 2፥19)። በዓመት አንድ ጊዜ የምታገኘው እናት የልጇን ቁመት ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሁለት ሥራ የምንሠራ፣ ሌሊት ታክሲ የምንነዳ፣ በሆስፒታል የምናድር ወላጆች ጊዜ የለንም ማለታችን እውነት ነው፤ ነገር ግን «ኤም» የተጻፈበት ጌም ለልጄ ይሆናል ወይ ብሎ ለመወሰን የሚያስፈልገው ልጁን ማወቅ ነው። ደረጃው ለሁሉም ልጅ የተሰፋ ነው፤ አንዱ ልጅ በ13 ዓመቱ የሚያልፈው ነገር ሌላውን ለሳምንት እንቅልፍ ይነሣዋል። ስለዚህ በአንድ የዕረፍት ቀን አጠገቡ ተቀምጠን «እስቲ አሳየኝ፣ ይህ ማን ነው? ለምን ትገድለዋለህ?» ብለን እንጠይቀው። የፕሌይስቴሽኑን፣ የኤክስቦክሱን ወይም የኒንቴንዶውን የወላጅ አካውንት በራሳችን ስም እንክፈት፤ ቋንቋው ካስቸገረን ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱን እንለምን እንጂ ልጁን ራሱን አንለምነው። የአካውንቱ ኮድም በእኛ ዘንድ ይቆይ። ተቆጥቶ መሣሪያውን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ግን ሐዋርያው ልጆቻችሁን አታስቈጡ ያለውን መተላለፍ ነው (ኤፌ. 6፥4)። በዐቢይ ጾም ጌሙን ሰብስበን በትንሣኤ ማግሥት የምንመልስም አለን። በስቅለት ቀን ያላማረን ደም በማግሥተ ትንሣኤ ምን ሆኖ አማረን?

ስለ ራሳችን ዓይንም አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ልጆቹ ይህንኑ ያነሡብናል። በሀገራችን በነበረውና ባለው ጦርነት የተገደሉ ሰዎች ምስል በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲመጣልን፣ ሳሎን ተቀምጠን ድምፁን ከፍ አድርገን እንከፍታለን፣ ለወዳጅም እንልካለን፤ ልጁ ከሶፋው ጀርባ ቆሞ ያያል። በዚያ ቪዲዮ ላይ ፊደል የለበትም፤ የሞተውም ሰው እውነተኛ ነው። አንዳንዱ ተመልካች የወገኑ ጠላት ሲወድቅ ደስ ሲለው ፊቱ ላይ ይነበባል። የጌሙን ጉዳይ ለንስሐ አባታችን ስንነግር፣ ይህንንም አብረን ብንነግር የሚሰጡን ምክር ለልጁም ለእኛም ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።