«እጅግ ደማቅ» የተባለው ሱፐርኖቫ ለምን ደብዝዞ ይታያል?

ሱፐርኖቫ የኮከብ ፍንዳታ ነው። እጅግ ደማቅ ሱፐርኖቫ ሲባል ብዙ ሰው ሰማይ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር ይጠብቃል። ስሙ ግን የሚናገረው ፍንዳታው ራሱ ስለሚረጨው ብርሃን ነው፤ ይህም ከተራ ሱፐርኖቫ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ርቀቱ ስለሚያደበዝዘው ያለ ትልቅ ቴሌስኮፕ አይታይም።

የድምቀቱ መለኪያም ግራ ያጋባል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ይበረታል፤ የ5 ልዩነት ማለት 100 እጥፍ ነው። ፍንዳታው በ32.6 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ርቀት ላይ ቢሆን ተብሎ ይሰላና ከኔጌቲቭ 21 በታች የወረደው በዚህ ስም ይጠራል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጊዜው ነገር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቺሊ ባለው ብላንኮ ቴሌስኮፕ የተገኘው «ዲኢኤስ16ሲ2ኤንኤም» የተባለ እጅግ ደማቅ ሱፐርኖቫ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 10.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ህዋ ስለተለጠጠ የብርሃኑ ሞገድ 3 እጥፍ ያህል ረዝሟል፤ በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ሆኖ የተነሣው በዓይን በሚታይ ብርሃን መልክ ደርሷል። ጊዜውም አብሮ ተለጥጧል። እዚያ 1 ወር የፈጀው ለውጥ እዚህ 3 ወር ይወስዳል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ፎቶ አይበቃም፤ ያንኑ የሰማይ ክፍል ለወራት ደጋግሞ ማንሳት ግድ ነው።