የዘወትሩ ጀበና፦ ቡና በቤትና በሥራ ቦታ

ጀበና ቡና በሸክላ ጀበና፣ በከሰል ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተፈልቶ በሲኒ የሚቀዳ ቡና ነው። ለቱሪስት ሲነገር ቄጤማው፣ የሐበሻ ቀሚሱና ዕጣኑ ይቀድማሉ። የዘወትሩ ቡና ግን ከዚህ ያጠረ ነው። ጠዋት ቤተሰቡ ወደየሥራው ሳይበተን ቶሎ ቶሎ ይፈላል። ቀሚስ የሚቀይርለት የለም። ቄጤማ የሚጎዘጎዘውም ለበዓል፣ ቢበዛ ለእሁድ ነው። ወሬያችን ስለዚህኛው ነው።

አረቢካ የሚባለው ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከፋና ያዩ ውስጥ ዛሬም ዱር በቀል ቡና አለ፤ ዩኔስኮ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧቸዋል። ሰሜን ክርስቲያን ቤት ግን ቡና በቀላሉ አልገባም። የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ በካህናት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነወር ቆይቷል። ነገሩ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ የጊዜው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማርገብ ድርሻ ነበራቸው። ዛሬ አገሪቱ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ እዚሁ ይጠጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከመልቀም ነው። ለውጭ ገበያ ደረጃ ያሟላው ቡና ወደ ውጭ ስለሚሄድ፣ ሰፈር ሱቅ የምናገኘው በአብዛኛው ከዚያ የተረፈውን ነው። ጠጠር፣ የተሰበረና የጠቆረ ፍሬ አይጠፋውም። ተለቅሞ እየታሸ ይታጠባል፤ ስስ ገለፈቱ ይለቃል። ከዚያ ብረት ምጣድ ላይ ይጣላል። መጀመሪያ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ፍሬው ቢጫ ይላል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንጣጣት ይጀምራል፤ ውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን ሲሰነጥቀው ነው። ከዚህ በኋላ ዓይን ከምጣዱ አይነሳም። ስልክ ቢጮህም ይጩህ። ፍሬው ወዝ ማውጣት ሲጀምር ወዲያው ይገለበጣል፤ ምጣዱ ሙቀት ስለሚይዝ እዚያው ከተተወ ከእሳት ቢወርድም ማረሩን አይተውም። ያረረ ቡና ደግሞ በስኳር አይድንም።

የተቆላው ሳይገለበጥ በፊት ግን ምጣዱ ለአፍታ ለተቀመጠው ሰው ይዞርለታል። ሰውም ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ እየሳበ ያሸታል። ጥድፊያ ባለበት ጠዋት እንኳ ይህችን የሚዘላት ጥቂት ነው።

መውቀጡ በሙቀጫና በዘነዘና ነበር። ኮንዶሚኒየም ከመጣ ወዲህ ግን ዘነዘና ጎረቤት ያጣላል። ታች ያለው ሰው ጣሪያው የሚፈርስበት ይመስለዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ መፍጫ ዞሯል፤ ወይም ተቆልቶ የተፈጨውን ይገዛል። የተወቀጠውና የተፈጨው አንድ አይደለም የሚሉ አሉ። ልዩነቱ በአብዛኛው የድቀቱ ነው። በጣም የላመ ቡና ጀበና ውስጥ ለመስከን ያስቸግራል።

አዲስ ጀበና ተገዝቶ በቀጥታ ቡና አይፈላበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። የቡና አተላ የገባበት ውኃ ደጋግሞ ይፈላበታል፤ የአፈሩ ሽታ እስኪለቅ፣ የሸክላው ረቂቅ ቀዳዳም እስኪደፈን። ያልተሟሸ ጀበና ያዣል፣ ቡናውንም አፈር አፈር ያሰኘዋል። የተሟሸውን ደግሞ በሳሙና አያጥቡትም፤ ሸክላ ሽታ ይጠጣል።

አፈላሉ ላይ ሰው አይስማማም። አንዱ ውኃውንና ቡናውን አንድ ላይ ይጥዳል። ሌላው ውኃው ሲፈላ ነው ቡናውን የሚጨምረው። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ለሁለቱም ወሳኙ ሰዓት ሲገነፍል ነው። የጀበና አንገት ጠባብ ስለሆነ አረፋው በአንዴ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ ጥቂት ሲኒ ላይ ይቀዳና ተመልሶ ይጨመራል፣ ወይም ጀበናው ለአፍታ ከእሳቱ ይነሳል። ሲበቃው ማቶት ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ አተላው ሆዱ ውስጥ እንዲሰክን። ችኩል ሰው የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሲኒው ግርጌ ጭቃ ያገኛል። ጥሩ ቀጂ ከሲኒ ወደ ሲኒ ስትሄድ ጀበናውን ቀና አታደርግም። ታይታ የሚመስለው ሰው አለ። ጀበናው ቀና ባለ ቁጥር የሰከነው አተላ ስለሚናወጥ ነው።

በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። በሥራ ቀን ብዙ ቤት ቶና ላይ ያበቃል። ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ቤት ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። «ቁጭ በይ እንጂ፣ በረካው ሳይደርስ የት ትሄጃለሽ?» ይላሉ እትዬ። የቡና ቁርሱ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ ወይም ንፍሮ ነው። አንዳንዱ ቤት ጤና አዳም ሲኒው ላይ ጣል ይደረጋል፤ ጨው ወይም ቅቤ የሚጨምሩ አካባቢዎችም አሉ።

የሥራ ቦታው ታሪክ ሌላ ነው። ድሮ ሠራተኛ ቡና የሚጠጣው በመሥሪያ ቤቱ ክበብ ወይም ጎረቤት ካለ ካፌ፣ ከማሽን ነበር። ጀበናው ሕንጻ ሥር የወረደው በቅርብ ጊዜ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ረከቦት ያልተዘረጋበት የሕንጻ መግቢያ ማግኘት ይከብዳል። ዝቅ ያሉ በርጩማዎች፣ የፕላስቲክ ሣር፣ አንድ ምድጃ፣ አንዲት ሴት። ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ሀራራው የመጣበት ሁሉ ይወርዳል። ኃላፊውና ሾፌሩ እኩል ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ፊርማ ሳምንት የፈጀበት ጉዳይ እዚያ በርጩማ ላይ ያልቃል።

ወደ ላይ የሚወጣም አለ። በፔርሙዝ ተሞልቶ፣ ሲኒው በትሪ ተደርድሮ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። መርካቶ ሱቅ ለሱቅም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ክፍል ውስጥ ሠራተኞች መዋጮ አዋጥተው ቡናና ስኳር ይገዛሉ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ታፈላለች፤ ለጉልበቷ የሚታሰብላት ግን ሁልጊዜ አይደለም። ቤት ውስጥ በነፃ ሲሠራ የኖረ ሥራ ስለሆነ ዋጋው ለብዙ ሰው አይታየውም። የሕንጻ ሥሯ ነጋዴ ግን ዋጋውን ታውቃለች። ለደንበኛ በዱቤ ትሰጣለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ደሞዝ ሲወጣ ትሰበስባለች። ስኳር ሲወደድ ወይ የሲኒው ዋጋ ይጨምራል ወይ ማንኪያው ይቀንሳል።

ከሰል ላይ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ቢሮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል፤ መብራት ካልጠፋ።

ውጭ አገር ደግሞ ጣጣው የጭስ ማስጠንቀቂያው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ አፓርታማ ውስጥ ቡና የሚቆላ ሰው መስኮት ይከፍታል፣ በፎጣ ያራግባል፣ ወይም በረንዳ ላይ ይወጣል። ባለ መስታወት ምድጃ ላይ የሸክላ ጀበና መጣድም ልብ ይጠይቃል፤ ድንገተኛ ሙቀት ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። የብረትና የኤሌክትሪክ ጀበና ገበያ ያገኘው ለዚህም ነው። አንዳንዱ ሰው የጣሊያኑን ሞካ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1933 የአልፎንሶ ቢያሌቲ ፋብሪካ ያወጣው፣ ባለ ስምንት ጎን የአሉሚኒየም ዕቃ ነው። ታች ያለው ውኃ ሲሞቅ የእንፋሎቱ ግፊት ውኃውን በቡናው ውስጥ አሳልፎ ወደ ላይ ይገፋዋል። ወፍራም ቡና ይወጣዋል፤ አተላም የለበትም። ቶናም የለውም። ሌላ ሰው ከመጣ ታጥቦ፣ እንደገና ተሞልቶ፣ እንደገና ይጣዳል።