«ይቺማ ቁራ ነች!» የተፈጥሮ ፎቶ ስናነሳና ለወዳጅ ስናጋራ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከሰዓት ደሴ ላይ አንዲት ወዳጃችን ቤት እንሰበሰባለን። ስድስት ወይ ሰባት እንሆናለን። መምህር አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ፋርማሲ የምትሠራ አለች፣ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ። በፎቶ እንጀራ የሚበላ ግን ከመካከላችን አንድም የለም። ቡና ይፈላል። በአቦል ሁሉም ያነሳውን ያሳያል። በቶና እንተቻቻለን። በረካ ላይ ፎቶው ይረሳና የስኳር ዋጋ ይነሳል።

እዚያ ቤት ያው ክርክር ሲመላለስ ሰምቻለሁ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይዞት የሚመጣው ሀሳብ ይመሳሰላል። እኔም ይዤው ነው የመጣሁት። እስቲ የማስታውሳቸውን ላውራችሁ።

«ብርቅ ነገር ለማንሳት ሩቅ መሄድ አለብኝ»

መጀመሪያ ቀን ያሳየሁት ፎቶ ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠች ቁራ ነበረች። እያፈርኩ ነው ያወጣኋት። «ይቅርታ፣ ይቺማ ቁራ ነች» አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ተቀበሉኝ። ትንሽ አዩና «ይቺን ቁራ ለማየት ፈረንጅ በአውሮፕላን ይመጣል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ መጥረቢያ የሚመስለው ቁራ አገሩ የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ነው። አውሮፓም እስያም ብትዞሩ አታገኙትም። ጠዋት ጠዋት እየጮኸ በቤታችን ላይ የሚያልፈው ጋጋኖም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የምትሰፍረው፣ ማጅራቷ ነጭ የሆነው ግራጫ ርግብም እንደዚያው። ሦስቱንም በፒጃማ ሆኜ ከበረንዳ አይቻቸው አውቃለሁ።

መንገድ ካማራችሁም ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክና የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ እረፍት ወስዳችሁ፣ ወፍራም ጋቢ ይዛችሁ የምትሄዱባቸው ናቸው። እነሱም የትም አይሄዱም።

«ካሜራ ሳይኖረኝ ምን ላሳይ?»

ስልክ ቅርብ ላለ ነገር ጎበዝ ነው። አበባ፣ ጢንዚዛ፣ የሸረሪት ድር ላይ ያደረ ጤዛ፣ ሰፊ ሸለቆ። ሩቅ ያለች ወፍ ላይ ነው የሚያሳፍረው። በጣታችሁ ስክሪኑን ስትጎትቱ አብዛኛው ስልክ ወፏን አያቀርባትም። ከፎቶው መሃል ቆርጦ ነው የሚያሰፋው። ስለዚህ ትደበዝዛለች።

«የኔ 50 ሜጋፒክስል ነው» የሚለው ፉከራም አለ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ስልኮች አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረጉ 12 ሜጋፒክስል ገደማ የሆነ ፎቶ ነው የሚያስቀምጡት። ጉድለት አይደለም፣ በደብዛዛ ብርሃን ይጠቅማል። ግን ለመፎከሪያ አይሆንም።

የባጃጁ ወዳጃችን ዘዴ ይሻላል። አሮጌ የሩቅ ማሳያ መነጽር አለው። የስልኩን ሌንስ በመነጽሩ አንድ ዓይን ላይ ገጥሞ ያነሳል። መጀመሪያ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዳር ዳሩም ይጠቁራል። ከአጥር ወይም ከድንጋይ ላይ ካስደገፉት ግን ወፏ ዓይኗ ሳይቀር ይታያል። በነገራችን ላይ፣ ሌንሱን ጥረጉት። ካየኋቸው «ካሜራው ተበላሸብኝ» ከሚባሉ ስልኮች ግማሾቹ የምሳ ቅባት ያለባቸው ነበሩ።

«ፀሐይ ቦግ ሲል ነው ጥሩ ፎቶ የሚወጣው»

ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ነጩ ይነጫል፣ ጥላው ይጠቁራል፣ ወፏ ዓይን የሌላት ትመስላለች። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው ሌላው ነው። የፈረንጅ የዩቲዩብ አስተማሪዎች ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ስላለው ወርቃማ ብርሃን ሲያወሩ ረጅም ጊዜ ያላቸው ይመስላሉ። እነሱ አገር ፀሐይ ጋደል ብላ ስለምትወጣ ቶሎ ከፍ አትልም። ወሎ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ያ ለስላሳ ብርሃን ግማሽ ሰዓት፣ ሲበዛ አንድ ሰዓት ነው። ቁርስ በልቼ እወጣለሁ ያለ አምልጦታል። ማታ ደግሞ ደሴ ላይ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ የጦሳ ተራራ ይከልላታል።

«ክረምት የፎቶ እረፍት ነው» የሚሉም አሉ። እኔ ተቃራኒውን ነኝ። ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ የቅጠል አረንጓዴ ያምራል፣ ዝናብ አቧራውን ስላጠበው ከዝናብ በኋላ ሩቅ ያለ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። የደሴ ጉም ሲመጣ ደግሞ ሽቦውም፣ ቆርቆሮውም፣ ግማሽ የቆመው ፎቅም ተሸፍኖ አንድ ዛፍ ብቻ ይቀራል። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ መውጣት ነው። በመስከረም አደይ አበባ መሃል ቆሞ ፎቶ መነሳት ይቅር አልልም፤ ግን የቀሩት ወራት ምን በደሏችሁ?

«ኤዲት ማድረግ ማታለል ነው»

በዚህ ላይ ቡና ሦስቴ ተፈልቶ አልተስማማንም። መምህሩ «ካሜራው እንዳየው ይቅረብ» ይላል። ችግሩ ካሜራው ራሱ አርታኢ ነው። ስልክ ሲነሳበት ብዙ ጊዜ ብዙ ፎቶ በአንዴ አንስቶ ያዋህዳል፣ ሰማዩን ያደምቃል፣ ጥላውን ያበራል። ሳትነኩት ተነክቷል። የተንጋደደ አድማስ ማቃናት፣ ዳር መቁረጥ፣ የጨለመውን ማብራት ማንንም አይዋሽም። የሌለች ወፍ መጨመር፣ ከሌላ ቦታ ሰማይ አምጥቶ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ያደረገ ሰው ይናገር። ከተናገረ እኔ ጸብ የለኝም።

ትልቁ ውሸት ደግሞ ኤዲት ውስጥ ላይሆን ይችላል። በፈረንጆች 2009 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀውን የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ያሸነፈው ሌሊት የእንጨት በር ዘሎ የሚያልፍ ተኩላ ነበር። በሚቀጥለው ጥር ሽልማቱ ተሰረዘ። ዳኞቹ ተኩላው የዱር ሳይሆን ለማዳ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አንሺው አልተቀበለውም። ክሱ ስለ ቀለም አልነበረም። የተጣሉት «የዱር ነው» በሚለው ቃል ላይ ነው።

እኛም ቤት ይሄ አለ። አንዱ የጭላዳ ፎቶ አምጥቶ ስሙን «ሳቂታው» አለው። ወንዱ ጭላዳ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። ውብ ፎቶ ነው። ግን እንስሳው እየሳቀ አልነበረም። ጭላዳ ከንፈሩን እንዲያ የሚገለብጠው ብዙውን ጊዜ ሲጨነቅ ወይም ሲያስፈራራ ነው። ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ካደረገው ምናልባት «ራቅ በል» ያለው ፎቶ አንሺውን ነው። ጓደኛችን ትንሽ ዝም አለና «እኔ ደግሞ ወዶኝ መስሎኝ ነበር» አለ። ሳቅን። ፎቶው አሁንም አለ፣ ስሙ ተቀይሯል።

«ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላክልኝ፣ ሌላ ምንም ለውጥ የለውም»

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ የራሴ ጥፋት ስላለበት።

ቴሌግራም ላይ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይጨመቃል። መጠኑ ያንሳል፣ ላባው ይድበሰበሳል። ስለዚህ ፎቶ የሚወዱ ሰዎች «በፋይል ላክ» ይባባላሉ። ትክክል ነው፣ ፋይል ሳይነካ ይደርሳል። ሳይነካ ሲባል ግን ፎቶው ውስጥ የተደበቀው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የስልኩ ዓይነት። ካሜራው ሎኬሽን ከበራለት ደግሞ የቆማችሁበት ቦታ በቁጥር። ተቀባዩ ካርታ ላይ ከፍቶ እግራችሁ ያረፈበት ድንጋይ ድረስ ሊመጣ ይችላል።

እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ገደል ላይ ጎጆ ያደረገች አሞራ አንስቼ ነበር። ያ አጥንት ከሰማይ እየጣለ፣ ድንጋይ ላይ ሰብሮ የሚበላው ትልቁ ዓይነት። ቦታውን ለማንም አልነገርኩም። «የት ነው?» ላለኝ ሁሉ «እግዜር ያውቃል» እያልኩ ነበር። ፎቶውን ግን በፋይል ለአንድ ግሩፕ ላክሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሄድ ሦስት ልጆች አገኘሁ። ስትበር ለማንሳት ድንጋይ እየወረወሩ ነበር። ክፉ ልጆች አልነበሩም። አንዱ «ጋሼ፣ ባንተ ፎቶ ነው ያገኘነው» ብሎ አመሰገነኝ።

እንቁላል የታቀፈች ወፍ ደንግጣ ደጋግማ ከጎጆዋ ከተነሳች እንቁላሉ ይበርዳል፣ ወይም ቁራ ይቀድማታል። ጎጆዋን ጥላ ልትሄድም ትችላለች። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በመላው ዓለም የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ያ ሁሉ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከፊሉም በወሎ ተራሮች ላይ። ጉድጓዱን ለሺህ ሰው ማሳየት ምን ይጠቅመዋል?

መፍትሔው ቀላል ነው። የስልኩ ካሜራ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ሎኬሽን የሚለውን አጥፉት። ለሚስጥራዊ ቦታ «ደቡብ ወሎ፣ ደጋ» ማለት ይበቃል። ከጀርባ የሚታይ አምባ ወይም ደብር ካለም ቁረጡት፤ የአገሩ ሰው በተራራው ቅርጽ ብቻ ይለየዋል።

ይሄን የሰሙ ሰዎች ደግሞ ሁሉንም መደበቅ ይጀምራሉ። የጋጋኖን ቦታ ጠይቄው «አልናገርም» ያለኝ ሰው አለ። ወንድሜ፣ ጋጋኖ እኮ እኛ ሰፈርም አለ! የሐይቅ ዳርቻን፣ የአርዲቦ ሐይቅን መንገድ፣ የተለመደ ወፍን ቦታ በደስታ ንገሩ። ሌላውም ይሂድ፣ ይይ።

«ጥሩ አስተያየት ማለት ማመስገን ነው»

የወሎ ሰው ፊት ለፊት «አልወደድኩትም» ማለት ይከብደዋል። ፎቶው ምንም ይሁን «ማሻአላህ!»፣ «እሰይ የኔ ዓለም!» ይባላል። ደስ ይላል። ግን ከዓመት በኋላም ያው አድማስ ተንጋዶ፣ ያው ወፍ መሃል ተቀምጣ ትመጣለች። እኛ ቤት ያመጣነው መላ ጥያቄ ነው። «ለምን ቆመህ አነሳኸው? ተንበርክከህ ቢሆንስ?» «ከጀርባው ያለውን የውሃ ጀሪካን አይተሽው ነበር?» ጥያቄ ሰው አያስከፋም። ፋርማሲዋ ወዳጃችን ለስድስት ወር ሁሉንም ከላይ ወደ ታች ነበር የምታነሳው። አንድ ቀን ስትጠየቅ «ቀሚሴ እንዳይቆሽሽ» አለች። አሁን ጆንያ ይዛ ትሄዳለች። እንሽላሊቶቿን ብታዩ!

የላይክ ብዛትም መለኪያ አይሆንም። የኔ ብዙ ላይክ ያገኘ ፎቶ ድመት ነው።

«አንዴ ከተለጠፈ የሕዝብ ነው»

አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። የሌላ ሰው ፎቶ ስታጋሩ ጠይቁ፣ ስሙን ጻፉ። ይሄው ነው።

«የደበዘዘ ፎቶ ምን ይሠራል? አጥፋው»

ለግድግዳ አይሆንም፣ እሺ። ግን ወፏን ለመለየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኢናቹራሊስት የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ። ያያችሁትን አበባ ወይም እንስሳ ከቀኑና ከቦታው ጋር ትጭናላችሁ፣ ከዓለም ዙሪያ የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ይነግሯችኋል። የተረጋገጠው መዝገብ ለተመራማሪዎችም ይጠቅማል። ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ደግሞ ራሱ ይደብቃል። ለማስረጃ የሚፈለገው ውበት አይደለም፤ ምንቃሯ፣ የጅራቷ ርዝመት፣ ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ይታይ። አንድ ከጎን፣ አንድ ከኋላ ብታነሱ የተሻለ ነው።

እረኞችንም አትርሱ። አንድ ጊዜ የደበዘዘ ፎቶ ለአንድ ልጅ ባሳየው፣ ስሟን ባይነግረኝም ድምፅዋን አስመሰለልኝ። ከዚያ በየት በኩል ውሃ እንደምትጠጣ አሳየኝ። እንኳን እኔ መተግበሪያውም ያንን አያውቅም።

በነገራችን ላይ፣ ባለፈው እሁድ አንዲት አላወቅናትም። ሐይቅ ዳር፣ ሸምበቆ ውስጥ ነው የተነሳችው። ቡናማ፣ ከድንቢጥ ትንሽ ቀጠን ያለች፣ ጅራቷን ሽቅብ ቀስራ የምትዘል። ፎቶው ሦስት አራተኛው ሸምበቆ ነው። ጋሼ አንድ ስም አሉ፣ መምህሩ ሌላ አለ፣ እስከ በረካ አልተስማሙም። እስካሁን አልተሰረዘችም።