ክንፍ ላይ የሚጋገር በረዶ ምንድን ነው?

ትንሽ አውሮፕላን በተከሰከሰች ቁጥር «በረዶው ከብዷት ነው» የሚል ተንታኝ አይጠፋም። እዚህ ጅማ ቡና ላይ ስሰማው ዝም ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን በዛ።

ወንድሜ፣ በረዶ አውሮፕላን የሚጥለው በኪሎ አይደለም። ቅርጽ አበላሽቶ ነው። ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ገና ያልረጋ የደመና ውሃ ክንፍ ሲነካ እዚያው ይጋገራል። እንደ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ያለ ስስ ሽፋን ብቻ የክንፉን የማንሳት ኃይል በ30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን ጉተታ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል።

ያልታሰሰ ምጣድ አስብ። እንጀራው የሚቀደደው ምጣዱ ላይ የቀረው ፍርፋሪ ከብዶ ነው? ልስላሴው ስለጠፋ እንጂ! ክንፍም እንደዚያው። ልዩነቱ፣ እንጀራ የሚበላሸው አልለቅ ሲል ነው፤ ክንፍ ላይ ግን ጉድ የሚፈላው አየሩ ሲለቅ ነው። አየሩ ከክንፉ ገጽ ተላቆ ማንሳቱ ይወድቃል፤ ይህንን ስቶል እንለዋለን። በረዶ የያዘ ክንፍ ፍጥነቱ ገና ሳይወርድ ይለቃል። የስቶል ማስጠንቀቂያው የተስተካከለው ለንጹሕ ክንፍ ስለሆነ ላይጮህም ይችላል።

ማረፊያ ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ታጣፊ ክፍል) ይወርዳል፣ መሬት ቅርብ ነው። ጅራቱ ደግሞ አለ። ጠርዙ ቀጭን ስለሆነ ከክንፉ ቀድሞ በረዶ ይይዛል፤ ፓይለቱ ከመቀመጫው አያየውም። ፍላፕ ሲወርድ ወደ ጅራቱ የሚሄደው አየር አቅጣጫ ይቀይራል። ያኔ ጅራቱ ከለቀቀ አፍንጫዋ ቁልቁል ይደፋል። መፍትሔው መሪውን ወደ ራስ መሳብና ፍላፑን መመለስ ነው። የለቀቀው ክንፉ ከሆነ ግን መሳብ ይገድላል። (ሁሉም ሞዴል እንዲህ አይሆንም፤ የአውሮፕላኑን መመሪያ እንጂ እኔን አትስሙ።)

በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኢንዲያና ላይ 68 ሰው ይዛ የተከሰከሰችው የመንገደኛ አውሮፕላን ኤቲአር 72ም ክብደት አልጣላትም። የጎማው በረዶ ሰባሪ (በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ እየተነፋ በረዶ የሚሰብረው) ከማይደርስበት ኋላ የተጋገረው በረዶ ነው ክንፉ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ያለ ፓይለቱ ትእዛዝ ያዞረው።

«ጅማ ደግሞ የምን በረዶ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ በግማሽ። አየር ማረፊያችን ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በእኛ ሰማይ ዜሮ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ላይ የተያዘው ሲወረድ ይቀልጣል። ለትንሽ ፒስተን ሞተር የጅማ ክረምት የሚያሰጋው የካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) በረዶ ነው። ነዳጁ ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው፣ እርጥበት ካለ ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖም ውስጡ ይጋገራል፤ በተለይ ለማረፍ ጋዝ ሲቀነስ። ስለዚህ የካርቡሬተሩ ማሞቂያ ቀድሞ ይከፈታል። ካራቫን የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን የመሰለች ተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሯን ተርባይን ሞተር የሚያዞረው) ግን ካርቡሬተር የላትም። እሷን በዚህ አትክሰሷት።