«ጎግል አድርገሽ ነው አይደል?» እና ሌሎች የጥያቄና መልስ ምሽት አጉል ወሬዎች

አራት ኪሎ አካባቢ በዓመት ሁለቴ የጥያቄና መልስ ምሽት እናዘጋጃለን። ገቢው ለሰፈራችን ወጣቶች የቴአትር ክበብ ነው። ጥያቄ የማወጣው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ታሪክ ስላስተማርኩ «ቲቸር ታውጣው» ተባለ፣ በዚያው ቀረሁ። ሰው በየጊዜው የሚለኝን አንድ አይነት ነገር መስማት ስለሰለቸኝ ዛሬ ልተንፍስ።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«እኔ ጠቅላላ ዕውቀት የለኝም፣ ምን ላደርግ እመጣለሁ?» ሊበሉ፣ ሊስቁና ሊከፍሉ ይምጡ። በአንድ ጠረጴዛ ስድስት ሰው ነው የሚቀመጠው። ኳስ የሚከታተል አንድ፣ የድሮ ዘፈን የሚያውቅ አንድ፣ ጓዳ ያደገ አንድ ካለ ይበቃል። አንዴ ስድስት ኢንጂነሮች አብረው ተቀምጠው የዶሮ ብልት ስንት እንደሆነ ተጠየቁ። በድምፅ ብልጫ ስምንት አሉ። አሥራ ሁለት ነው።

«ጥያቄው ሲከብድ ምሽቱ ይከብራል።» አይከብርም፣ ይተኛል። ግማሹን ሁሉም ሊመልሰው ይገባል።

«ሰዓቱን 7፡00 ብሎ መጻፍ ይበቃል።» አንዴ ፖስተር ላይ እንደዚያ ወጣና ሁለት ባልና ሚስት ለምሳ ሰዓት ደረሱ። ማታ 1 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ።

«ገንዘቡ ከመግቢያ ነው የሚገኘው።» ይሄ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ባለፈው 14 ጠረጴዛ ሞላ። 84 ሰው በ400 ብር ሲሆን 33,600 ብር ነው። ሰዎች ይህን አስልተው «ይህን ያህል ብር የት ገባ?» ይሉኛል። አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ምግብና ወረቀት ሲከፈል በእጃችን የቀረው 7,600 ብር ነበር። የልጆቹን የመድረክ መብራት የገዛው በጉ ነው። አንድ ነጋዴ ሙክት ለገሱን። ለጨረታ ቀረበ። ያሸነፈው ሰውዬ ከፍሎ «መልሳችሁ ሽጡት» አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው አደረገ። ሦስተኛው ግን ወደ ቤቱ ወሰደው፣ በዓል ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ምሽት የምታዘጋጁ ከሆነ ከትኬቱ በፊት የሚለገስ ዕቃ ፈልጉ። ቶምቦላ ለሕዝብ ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ ብሔራዊ ሎተሪ ሄዳችሁ ስለ ፈቃዱ ጠይቁ።

«ቴአትር ከሆነ ትኬት ሸጦ ራሱን አይችልም?» ብሔራዊም ሀገር ፍቅርም የመንግሥት በጀት አላቸው። የሰፈር ልጆች ደግሞ ለልምምድ የሚሆን ክፍል እንኳ ለምነው ነው የሚያገኙት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «አንቺ ምን አለብሽ፣ ጎግል አድርገሽ ትገለብጫለሽ።»

እስቲ ገልብጡ። የምታገኙት ዓመት በአብዛኛው የፈረንጅ ነው። አዳራሹ የሚያስበው በኛ ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? «ስምንት ቀንስ፣ በቃ!» ይላል ሁሉም ሰው። የተማረውም፣ ያልተማረውም፣ ከአንድ ተማሪዬ በቀር የድሮ ተማሪዎቼም።

ስምንት ሁልጊዜ አይሠራም። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ማለትም የፈረንጅ ዓመት እስኪለወጥ፣ ልዩነቱ ሰባት ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ስምንት። የፈረንጆቹን 1974 ውሰዱ። አብዮቱ የፈነዳው በየካቲት 1966 ነው። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ሉሲ ሐዳር ላይ የተገኘችውም በኅዳር 1967። ሁሉም የአንድ ፈረንጅ ዓመት ሥራ ነው። ስምንት የቀነሰ ሰው ንጉሡን ስድሳ ስድስት ላይ ያወርዳቸዋል።

የቴአትር ዙርም አለን፣ መቼም ለቴአትር ነው የምንሰበስበው። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በፈረንጅ ሐምሌ 1935 ነው፤ በኛ 1927፣ ስምንት። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በፈረንጅ 1955 ማብቂያ ላይ ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተከፈተ፤ በኛ 1948፣ ሰባት። ብዙ ሰው ብሔራዊን ቀዳሚ ያደርገዋል፣ ሕንጻው ስለሚገዝፍ ይመስለኛል። በሩ ላይ ያለውን አንበሳም ጣሊያን ሮም ወስዶት የተመለሰ ነው ይላሉ። የተወሰደው ለገሃር ያለው ነው። የብሔራዊው ያን ጊዜ ገና አልተሠራም።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴትዮ አትሳሳትም ብላችሁ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሴፕቴምበር 1960 ነው። ሴፕቴምበር ማለት መስከረም፣ መስከረም ከሆነ ሰባት ይቀነሳል፣ ስለዚህ 1953። በኩራት አነበብኩት።

አራተኛው ጠረጴዛ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ያ ውድድር ጳጉሜ 5 ነው። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር።»

«ጋሼ፣ ሴፕቴምበር እኮ ነው» አልኳቸው። ለነገሩ ያን ጊዜ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

«ሴፕቴምበር 10 ነው። መስከረም የሚጠባው በ11 ነው። በይ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ከመቶ በላይ ዓይን እያየኝ በጣቴ ቆጠርኩ። 1952 ነው። በአንድ ቀን! የሳቸው ጠረጴዛ ነጥቡን አገኘና በዚያችው ነጥብ አሸነፈ። «ጎግል አድርገሽ ነው አይደል?» ያለኝም አልጠፋም። የዚያን ዕለት ግን ያደረግኩት እሱኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው፤ የምታዘጋጁም እንዲሁ አድርጉ። ጥያቄው ላይ በኛ ወይስ በፈረንጅ የሚለውን ጻፉ። ዓመት ብቻ አይታችሁ አትቀንሱ፣ ወሩንና ቀኑን ፈልጉ። ሴፕቴምበር ሲሆን ሁለቴ ፈልጉ። የምትቀበሉትን መልስ ሁሉ ቀድማችሁ መዝግቡ። ከተቻለ ደግሞ ከነጭራሹ ዓመት አትጠይቁ፤ «ሀገር ፍቅር ይቀድማል ወይስ ብሔራዊ?» ብትሉ ጠቡም ይቀራል፣ ሰውም ያስባል። ጥያቄዎቹን ከምሽቱ በፊት እናንተን የማይፈራ ሰው ያንብባቸው።

የኔን አሁን የሚያነቡት ጋሼ ናቸው። ቦታቸውም ከዳኞች ጋር ሆኗል። በነጻ ይግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ፣ ትኬታቸውን ይቆርጣሉ።