ኢፎጋ ምንድን ነው?

በፓሲፊክ ደሴቷ ሳሞአ ሰሌን ተከናንቦ ይቅርታ የሚጠየቅበት ኢፎጋ የተባለው ልማድ በተነሳ ቁጥር «በገንዘብ ከእስር ማምለጫ» የሚለው ማብራሪያ አብሮት ይመጣል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ጃሲንዳ አርደርንን አንስቶ፣ «ለመሆኑ እሷ ምን አጥፍታ ነው ሰሌን የተከናነበችው?» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ኢፎጋን የጥፋተኛው ሰው ይቅርታ አድርገው ነው የሚያዩት። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ሳሞአ ውስጥ ሰው ሲገደል ወይም ከባድ በደል ሲፈጸም የበዳዩ ቤተሰብ ጎህ ሳይቀድ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። የሚመራቸው ማታዩ፣ ማለትም የቤተሰቡን ማዕረግ የያዘው አለቃ ነው። ኢዬ ቶጋ የሚባለውን ለስላሳ ሰሌን ተከናንቦ መሬት ላይ ይቀመጣል። ይህ ሰሌን ተሠርቶ እስኪያልቅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ማገዶና ድንጋይ ይዘው የሚመጡም አሉ። ሳሞአኖች ምግብ የሚያበስሉት በጋለ ድንጋይ ነውና፣ «ከፈለጋችሁ እኛኑ አብስሉን» ማለታቸው ነው። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። የተበዳዩ ወገን ወጥቶ ሰሌኑን ከገለጠለት ተቀብሎታል። እስከዚያው ሊመታም ይችላል። ጥፋተኛው ራሱ እዚያ ላይኖር ይችላል፤ ይህ ኢፎጋውን አያጎድለውም።

ነገሩን በዋስትና አስቡት። ዋስ ብሩን አልተበደረም፤ ተበዳሪው ሲያጠፋ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። ማታዩም የቤተሰቡ ዋስ ነው። ወረቀት ግን ማንም አላስፈረመውም፤ ዋስትናው ከማዕረጉ ጋር አብሮ መጣበት። ማዕረጉን የተቀበለ ቀን፣ ገና ላልተወለደ ልጅ ጥፋት ሳይቀር ዋስ ሆኗል። መያዣው የራሱ አንገትና የቤተሰቡ ስም ነው። ባለዕዳው ቤተሰብ መጣ ተብሎም የተበዳዩ ወገን ይቀበል ዘንድ አይገደድም።

አርደርን ኦክላንድ ውስጥ ሰሌኑን የተከናነቡት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2021 ነው። ምክንያቱ በ1970ዎቹ የኒውዚላንድ ፖሊስ ሌሊት እየመጣ የፓሲፊክ ደሴት ስደተኞችን ከቤታቸው ያፈሰበት ዘመቻ ነበር። እሳቸው የተወለዱት በ1980 ነው። ምንም አላጠፉም፤ የተቀመጡት የመንግሥቱ አለቃ ስለሆኑ ነው። አስተያየት ሰጪው እንደ ጉድለት የቆጠረው የኢፎጋውን ዋና ነገር ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ዕርቁ ተቀባይነት ካገኘ ሰሌን፣ ምግብና ገንዘብ ይሰጣል። የወንጀል ክሱ ግን በዚህ አይዘጋም። ዳኛው ቅጣት ሲመዝን እንደ ማቅለያ ሊያየው ይችላል፣ በቃ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው የሳሞአ የመንደር ፎኖ (የመንደር ሸንጎ) ሕግ ጋር የሚያምታቱም አሉ። ያ ሕግ ስለ ማቅለያ የሚናገረው የመንደሩ ሸንጎ ራሱ ስለጣለው ቅጣት ነው፤ ኢፎጋ ደግሞ በሁለት ቤተሰቦች መካከል የሚደረግ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰሌኑን የሚያነሳው ቤተሰብ ነው። በአስገድዶ መድፈር ጉዳይ የተበዳይዋ አባትና አጎቶች ተቀብለው፣ እሷ ግን አንድም ቃል ሳትጠየቅ ልትቀር ትችላለች። ዳኛው ኢፎጋውን ለማቅለያ ከመቁጠሩ በፊት እሷን ለብቻዋ ሊሰማት ይገባል።